በኮናት ጉልበት ላይ ያለው ጭቃ

ማላኪ ዲኒን የዳማውን ፈረስ ገመድ በቀኝ እጁ ጠቅልሎ ከኮሮይት መንደር ወደ ዋርናምቡል ከተማ የሚወስደውን መንገድ ተያይዞታል። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ከኋላው ጋሪ በመጣ ቁጥር ፈረሱን ወደ ዳር ያወጣል፤ ጋሪው ያልፋል፤ በላዩ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ ፈረሱን፣ በመጨረሻ እሱን ያዩና ባርኔጣቸውን ብድግ ያደርጋሉ። ፈረሱ ልጓም አልገባለትም። ከእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኙ ከፌሊም ክዊርክ ጋጣ ያለ ልጓም፣ በባዶ ገመድ የሚወጣ ፈረስ ወዴት እንደሚሄድ በዚያ አገር የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚሄደው ወንዙ ዳር ወዳለው ሞራ ማቅለጫ ነው። እዚያ የገባ ፈረስ በሳምንቱ ሻማና ሳሙና ሆኖ ይወጣል።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ የዓመቱ ትልቅ የዝላይ እሽቅድምድም ሁለተኛ ቀን። ከባሕር ማዶ ሆና አገሩን የምትገዛው ንግሥት ዙፋን ላይ ስልሳ ዓመት የሞላችበት ዓመት በመሆኑ ከተማው ከወዲሁ በባንዲራ ተሸልሟል። የኮሮይት አይሪሾች ግን የሚጎርፉት ለፈረሱ እንጂ ለባንዲራው አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም ደብቀው አያውቁም። መንገዱ ሁሉ ጋሪ፣ ሳቅና የፒፓ ጭስ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው ማላኪ ብቻ ነው።

"ማላኪ! አንተ ልጅ! ከትናንቱ በኋላ በእግርህ?"

ሚስስ ኮንሲዲን ናት፤ የድንች ጋሪዋን አስቁማ ከላይ ሆና ታየዋለች። እናቱ ስትሞት አስከሬኗን ያጠበችው እሷ ነበረች።

"ትከሻህ እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው፣ ሚስስ ኮንሲዲን።"

"ደህና ነው ይለኛል! አንገትህ ቢቆረጥም ጭንቅላትህን በብብትህ ይዘህ 'ደህና ነኝ' ነው የምትለው። እናትህም እንዲሁ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር።" ከቅርጫቷ ውስጥ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አውጥታ ወረወረችለት። "ብላ! ዛሬ እንኳ ሚዛን የምትፈራበት ቀን አይደለም።" ከዚያ ወደ ፈረሱ ዞረች፤ ፊቷ ተለወጠ። "አንተ ደግሞ! ሰው ልትፈጅ! የእጅህን አገኘህ።"

ፈረሱ ጆሮውን ወደ ድምፅዋ አቀና። ኮናት የሰው ድምፅ የሚወድ ፈረስ ነበር። ማላኪ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ጋሪው እስኪርቅ ጠበቀ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በልቶ አልጠገበም፤ ግን የዚህችን ሴት ዳቦ በዚህ ሰዓት መዋጥ እንደማይችል አወቀ። ኪሱ ከተተውና መንገዱን ቀጠለ።

ምክንያቱም ፈረሱ አልወደቀም። ይህን የሚያውቀው ማላኪ ብቻ ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ነበር የመሰለው።

አሥራ አምስት ዓመት ጋልቧል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የፌሊም ክዊርክን ጋጣ መጥረግ ጀመረ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ኮርቻ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ አውራጃ ያልዘለለው አጥር፣ ያልተንከባለለበት ቦይ የለም። የትከሻው አጥንት ስድስት ጊዜ ተሰብሮ ስድስት ጊዜ ገጥሟል። ክብደት ለመቀነስ ሦስት ካፖርት ደርቦ አሥር ማይል በእግሩ እየሄደ፣ በጥቁር ሻይና በአንድ የተቀቀለ እንቁላል እየዋለ ወጣትነቱን ጨርሷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደፋር መሆኑን አስቦት አያውቅም። ሰው መራመዱን እንደማያስበው ማለት ነው።

ከዚያ ባለፈው ሐምሌ ካስተርተን በተደረገ እሽቅድምድም ላይ ጓደኛው ኔድ ቱሂ ከፊቱ ወደቀ። የኔድ ፈረስ ተገልብጦ በላዩ ላይ መጣ። ማላኪ የራሱን ፈረስ ማቆም ስላልቻለ በጓደኛው ላይ ዘሎ አለፈ፤ አየር ላይ ሳለም ወደ ታች አየ። ማየት አልነበረበትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ትልቅ አጥር ሲመጣ እጁ ላይ ያለው ዛብ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝበታል። ከውድድር በፊት ክብደታቸው በሚለካበት ሚዛን ቤት ውስጥ ጋላቢዎች እርስ በርስ የማይባባሉት ነገር የለም፤ እናት ይሰደባል፣ ሚስት ይነሳል፣ ሁሉም ይስቃል። አንድ ስድብ ብቻ አለ ሰው የሚያጋድል፤ "ለስላሳ ቦታ ፈላጊ" የሚለው። ከመሬቱ ለምለሙን መርጦ ራሱን ከፈረስ ላይ የሚጥል ሰው ማለት ነው።

ትናንት፣ ማክሰኞ፣ ማላኪ ለስላሳ ቦታ ፈለገ፤ አገኘም።

ጥንዱ አጥር የሚባለው ቦታ ላይ ነው። ጠባብ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ በወፍራም አግዳሚ እንጨት ታጥሯል፤ ፈረሱ አንዱን ዘሎ መንገዱ ላይ ያርፋል፤ በአንድ እርምጃ ተነስቶ ሌላውን ይዘላል። ካፊያው በተመልካቾች መቀመጫ ያለውን ሕዝብ ዓይን ጋርዶታል። ሌሎቹ ጋላቢዎች ቀድመዋል። ሃያ እርምጃ ሲቀር የማላኪ ግራ እግር ከእርካቡ ወጣ። አዳለጠኝ ብሎ ለራሱ ሊነግረው ሞክሯል፤ ያዳለጠው እግር ግን አስቀድሞ ሣር አይመርጥም። ወደ ግራ ተንሸራቶ እርጥብ ሣር ላይ በትከሻው አረፈ። ተጋድሞ ሳለ ኮናት ባዶ ኮርቻውን ይዞ የመጀመሪያውን አጥር ሲዘል፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ሲዘል አየው። እንጨቱን እንኳ አልነካም።

ተነስቶ ሮጠ። ፈረሱን ያገኘው ከመንገዱ ማዶ ከድንች ማሳ ውስጥ ነበር፤ ዛቡ ተንጠልጥሎ፣ ቆሞ ይጠብቀዋል። ማላኪ በመጀመሪያ ያየው ጉልበቱን ነው። የወደቀ ፈረስ ጉልበቱ፣ ደረቱና አፍንጫው ጭቃ ይሆናል፤ ይህን ጋጣ ጠራጊ ሁሉ ያውቃል። የኮናት ጉልበት ግን ጠዋት እንደተቦረሸ ንጹሕ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ የሰዎች ድምፅ ተሰማ፤ የፌሊምም ድምፅ ከመሃላቸው አለ። ያን ጊዜ ማላኪ ጎንበስ አለ፤ በሁለት እጁ ጭቃ ዘገነና የፈረሱን ሁለት ጉልበት ለቀለቀ፤ ደረቱን ለቀለቀ፤ ኮርቻውን ለቀለቀ። ወደ አፍንጫው ሲደርስ ኮናት የሚበላ ነገር የሚሰጠው መስሎት ከንፈሩን መዳፉ ውስጥ ከተተ።

ፌሊም ክዊርክ እያለከለከ ደረሰ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ምንም አልጠየቀም፤ ማላኪን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣበቀው። "አለህ" አለ፤ "አለህ፣ ልጄ።" ከዚያ ወደ ፈረሱ ዞሮ ጉልበቱን አየና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ።

"ሁለት።"

ማላኪ ቁጥሩ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። ኮናት ባለፈው ጸደይ ሃሚልተን ላይ በሌላ ጋላቢ ሥር አንድ ጊዜ ከምር ወድቆ ነበር። በክዊርክ ጋጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ የወደቀ ፈረስ ሦስተኛ ዕድል የለውም። ፌሊም አንድ ጊዜ ለአንድ ፈረስ ሦስተኛ ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ያ ፈረስ አንድ ልጁን ኦዌንን ገደለበት። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አገሩ ይህን ታሪክ ያውቃል፤ ደንቡንም ማንም አይከራከርም። ማላኪ አፉን ከፈተ። ሆኖም ሌሎቹ መጡ፤ ጀርባውን መቱት፤ ኮት አለበሱት፤ ብራንዲ አፉ ውስጥ አንቆረቆሩለት። አፉን ዘጋ።

ፈረሱን ወደ ማቅለጫው የሚወስደውም መጨረሻ ላይ የጋለበው ሰው ነው። ይህም የቤቱ ደንብ ነው። ፌሊም ለቅጣት ብሎ ያወጣው አይደለም። አብሮህ ያላበው እንስሳ በማያውቀው ሰው እጅ መሄድ የለበትም ባይ ነው።

"ኧረ በማርያም! ቀብር ነው እንዴ? ፈጠን በል እንጂ!"

ባት ስካንሎን ነው፤ አፉ የማያርፍ ጋላቢ። በቄሱ ወንድም ጋሪ ላይ ተሰቅሎ፣ ኮርቻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ለክብደት ማሟያ የሚሸከመውን፣ በትናንሽ ጨርቅ የተሰፋ የእርሳስ ብረት አንገቱ ላይ እንደ ሻሽ ጠምጥሞ ይመጣል።

"ሽማግሌው ግራጫዋን ለኔ ሰጠኝ፣ ሰማህ? ያንተን ግራጫ! ትከሻህ እስኪድን ነው አለ። ብታሸንፍልኝ ግን አልመልስልህም፤ ከአሁኑ ተሰናበታት።"

"ጋልባት፣ ባት። ጥሩ ናት።"

"ምን ነካው ይሄ ሰው? ይሳደብ እንጂ!" ባት ጋሪውን ከማላኪ እርምጃ ጋር አስተካከለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ፤ ትናንት ማታ በሚዛን ቤት ሟቹን ኔድን አስበን ጠጣን። ቀጥሎ ላንተ ጠጣን። ከኔድ በኋላ እዚያው ኮርቻ ላይ የተመለስክ አንተ ብቻ ነህ። እኔ ብሆን ኖሮ ዛሬ ድንች እቆፍር ነበር። ይህን ሁለተኛ ስለው አትሰማኝም።" አለንጋውን አጮኸና ነጎደ።

ማላኪ ዛፍ ሥር ቆመ። ፊቱ ይቃጠላል። ቢሰድቡት፣ ቢተፉበት ይሻለው ነበር። ፈረሱ መቆማቸውን አይቶ ሣር መንጨት ጀመረ። ማላኪ ዞር ብሎ እንዳያየው ዓይኑን ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ተከለ፤ እንደዚያም ሆኖ ሣሩን ሲያላምጥ ይሰማዋል።

ዴሊያ ክዊርክ ያገኘችው እዚያ ነው። የፌሊም እህት ናት፤ ባል ሳታገባ የወንድሟን ጋጣ ሠላሳ ዓመት፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ቤቱንም ያስተዳደረች፣ ቀጭን፣ ንግግር የማትወድ ሴት። ጥቁር ሻሏን ተከናንባ በእግሯ ነበር የመጣችው። ወደ እሽቅድምድሙ በሚሄዱት ጎረቤቶች ጋሪ ላይ ቦታ እንዳላት ማላኪ ያውቃል።

"ሚስ ዴሊያ፣ እርስዎ በእግርዎ?"

"እሄዳለሁ ከአንተ ጋር።"

ጎን ለጎን ሄዱ። ግማሽ ማይል ያህል እንዳለፉ የሞራ ማቅለጫው ሽታ በነፋሱ መምጣት ጀመረ፤ ኮናት አፍንጫውን ነፋ።

"ትናንት ማታ ይህን ፈረስ ያጠብኩት እኔ ነኝ" አለች ዴሊያ።

ማላኪ ገመዱን እጁ ላይ አንድ ዙር ጨመረበት።

"ጥንዱ አጥር ሥር ያለው መሬት ሸክላ ነው፤ ቢጫ። እዚያ የወደቀ ፈረስ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጥብ ኖሬያለሁ። የዚህ ፈረስ ጉልበት ላይ የነበረው ጥቁር ነው። የድንች ማሳ አፈር።" መንገዱን እንጂ እሱን አታይም። "አራት ጣት ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደረቱ ላይ።"

ማላኪን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። "ለ... ለአቶ ፌሊም ነግረዋቸዋል?"

"እራት ላይ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ድንች በላህ። ሲጸለይ 'አሜን' አልክ። ወደ መኝታህ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆም አልክ፤ አሁን ነው ብዬ የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። ወጣህ።"

"እና ለምን አልተናገሩም?"

"እኔ ብናገር ትጋለጣለህ፤ በቃ። ያለቀልህ ሰው ትሆናለህ። አንተ ብትናገር ግን... እንጃ። ያለቀለትም ቢሆን ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነው።" ሻሏን ሰብሰብ አደረገች። "ወንድሜ ኦዌንን ከቀበረ ወዲህ ሰው አቅፎ አላየሁትም። ትናንት አንተን አቀፈ። ያንን ከእሱ ላይ እኔ አልወስድም። በሩ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንተ ታውቃለህ።"

ማላኪ አሁን እናገራለሁ ብሎ አሰበ። ከዚያ ከጋጣው በላይ ያለችው ክፍሉ ትዝ አለችው፤ የምድጃው ዳር ወንበሩ፣ በገበያ ቀን ሰው መንገድ ሲለቅለት። ሌላ ሙያ የለውም፤ ሌላ ቤትም የለውም። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ከዚህ ሁሉ በአንድ ቃል ይወጣል። እግሩ ግን ወደ ማቅለጫው በር መሄዱን አላቆመም፤ በዚህም ራሱን ተጸየፈ።

በሩ ላይ ቆዳ ሽርጥ ያደረገ ሰው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዞ ወጣ። ሥራው ስለበዛበት ሰላምታም አልሰጠም።

"ከየት?"

"ከክዊርክ ጋጣ።"

"ስም?"

"ኮናት።"

"ዕድሜ?"

"ሰባት።"

"ጉድለቱ ምንድነው?"

ማላኪ ሰውየውን አየ። "ምን?"

"ጉድለቱ፣ ጌታዬ፣ ጉድለቱ! በሽተኛ ከሆነ ለብቻ ነው የምናስገባው። እግሩ ነው? ሳንባው ነው? ይናከሳል? ምን ልጻፍ?"

ያን ጊዜ ማላኪ አንድ ነገር ተገለጠለት። ከትናንት ጀምሮ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ "ፈረሱ ወደቀ" ብሎ በአፉ አልተናገረም። ጭቃው ተናገረለት፤ ፌሊም ተናገረለት፤ ሚስስ ኮንሲዲንና ባት ተናገሩለት። እሱ ዝም ብሎ ብራንዲ ጠጣ፣ ድንች በላ። ውሸቱን በገዛ ምላሱ እንዲል የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ይህ ባለ ሽርጥ ነው። ዴሊያ ወደ ወንዙ ዞራ ቆማለች።

"ምንም" አለ ማላኪ።

"ምንም ምን ማለት ነው?"

"ምንም ጉድለት የለበትም።"

ሰውየው ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰካ። "እና ሥራ ልታስፈታኝ ነው የመጣኸው? ሂድ፣ ወዲያ በል! ከኋላህ ሦስት ላም እየመጣብኝ ነው።"

ማላኪ ፈረሱን አዞረ። ዴሊያ ተከተለችው።

እሽቅድምድሙ ቦታ ሲደርሱ የኮርቻ መጫኛው ግቢ ጢም ብሏል። ሻለቃ ብራይስ፣ ከዳኞቹ አንዱ፣ የሰዓቱን ሰንሰለት እያሻሸ ከሚዛን ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ፌሊም ክዊርክ ከግራጫዋ ሆድ ሥር ጎንበስ ብሎ መቀነቷን ያጠብቃል። ባት ስካንሎን ባለ አረንጓዴ መስመር የሐር ሸሚዙን ለብሶ እያፏጨ ይጠብቃል። ማላኪ ኮናትን በገመድ እየጎተተ ሲገባ ፉጨቱ ቆመ፤ ሰውም መንገድ ከፈተ።

ፌሊም ቀና አለ። "ምንድነው? ማቅለጫው ዝግ ነው?"

"አይደለም፣ አቶ ፌሊም።"

"ታዲያ ይሄን ገዳይ ምን ልታደርግ አመጣህብኝ?"

ማላኪ ባርኔጣውን አወለቀ። ዳር ወስዶ ሊነግረው አስቦ ነበር፤ መንገድ ሙሉ ሲያስብ የመጣው ይህንኑ ነው። ግን ፈረሱ "ገዳይ" የተባለው በሰው ፊት ነው።

"ኮናት አልወደቀም" አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። "ጥንዱ አጥር ላይ ሁለቱንም ዘለለ። እንጨት አልነካም። የወረድኩት እኔ ነኝ። ከአጥሩ በፊት እግሬን አውጥቼ... ለስላሳ ቦታ ፈልጌ ወረድኩ። ጉልበቱን ጭቃ የቀባሁትም እኔ ነኝ።"

ከአንድ ጋላቢ ጉሮሮ እንደ ሳቅ ያለ ነገር ወጣና ተቋረጠ። ባት ስካንሎን መጀመሪያ ማላኪን፣ ቀጥሎ የራሱን ጫማ ጫፍ አየ። ትናንት ማታ ብርጭቆ ያነሱለት ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን ሲያዞሩ ማላኪ ቆሞ አየ። አንዳቸው ቢሰድቡት ብሎ ተመኘ። ማንም አልሰደበውም።

"ዲኒን" አለ ሻለቃ ብራይስ፣ ከባርኔጣው ጥላ ሥር፤ "ከዚህ ዙር በኋላ ዳኞች ፊት ትቀርባለህ። የጋላቢነት ፈቃድህን ይዘህ ና።"

"እሺ፣ ጌታዬ።"

ፌሊም ወደ ግራጫዋ ተመለሰ። የጀመረውን መቀነት ጨረሰ፤ በሁለት ጣቱ ጥብቀቱን ለካ፤ የባትን ጉልበት ይዞ ወደ ኮርቻው አነሳው። "የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀስ ብለህ ውሰዳት" አለው፤ ድምፁ አልተለወጠም። ደወሉ ተደወለ። ፈረሶቹ ወጡ፤ ሕዝቡም ወደ አጥሮቹ ተንጋጋ። ግቢው ውስጥ ፌሊም፣ ዴሊያ፣ ማላኪና ኮናት ብቻ ቀሩ።

ሽማግሌው ወደ ፈረሱ ሄዶ ተንበረከከ። የታጠበውን ጉልበት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ወለምታ፣ እብጠት፣ ጭረት ፈለገ። አጣ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ከኔድ ጀምሮ።"

"አሥር ወር። አሥር ወር ሙሉ አጥር ባየህ ቁጥር እየፈራህ በእኔ ፈረሶች ላይ ወጣህ።"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ፣ አቶ ፌሊም?"

"ፈራሁ ብለህ!"

"እሱ እንዴት ይነገራል? ለእርስዎ? በዚህ ቤት? ማን ይላል እንዲህ ያለ ነገር?"

"ኦዌን አለኝ" አለ ፌሊም።

ዴሊያ ከግድግዳው ጀርባዋን አነሳች። "ምን አልክ?"

ፌሊም የፈረሱን ጉልበት እንደያዘ ነበር። ከሩቅ የሕዝቡ ድምፅ ከፍ አለ፤ የመጀመሪያው አጥር ላይ ደርሰዋል። "የዚያን ቀን ጠዋት፣ ጫማውን እያጠለቀ። 'አባዬ፣ ዛሬ ፈርቻለሁ' አለኝ። እንደዚህ ነው ያለው፤ እንደ ሕፃን። ሃያ ዓመቱ ነበር። እኔ ምን አልኩ? 'እናትህ መቀመጫው ላይ ናት፤ ውጣ' አልኩት። በእጄ ነው ያነሳሁት። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ በመዳፌ ይሰማኝ ነበር።" የፈረሱን ጉልበት ለቀቀ። "የሞተው ፈረሱ ሦስተኛ ዕድል ስላገኘ አይደለም። ኦዌን ዛቡን ይዞ በፍርሃት ጎተተው፤ አፉን ወደ ላይ ይዞት አጥሩን እንዳያይ አደረገው። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማታውኑ በፈረሱ አሳብቤ ደንብ አወጣሁ።"

"ፌሊም" አለች ዴሊያ።  አሥራ ሦስት ዓመት ያንን ደንብ ለጎረቤት ስታስረዳ የኖረች እሷ ናት። ሻሏን አፏ ላይ ያዘች።

ማላኪ የመጣው ሊሰደብ፣ ሊባረር፣ ቢበዛም ሊመታ ነበር። ይህን ለመቀበል አልተዘጋጀም። የእሱን ኃፍረት የሚያህል ኃፍረት በሌላ ሰው ፊት ላይ ማየት፣ ያም ሰው ፌሊም ክዊርክ መሆኑ፣ ቀለል አላደረገለትም፤ ባሰበት። ይቅርታ ሊል ፈለገና ለየትኛው እንደሆነ ግራ ገባው።

ፌሊም በፈረሱ እግር ተደግፎ ተነሳ። ገመዱን ከማላኪ እጅ ወሰደ። "ክፍልህ ውስጥ ያለህን ዕቃ ነገ ትወስዳለህ" አለ። "ከእንግዲህ የኔን ፈረስ አትነካም። እኔም ብሆን መንካት አልነበረብኝም፤ ግን ሌላ የሚያበላቸው የለም።"

"እሺ፣ አቶ ፌሊም።"

ሽማግሌው ግን አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ማላኪ መጀመሪያ የሚጸልይ መስሎት ነበር።

"ሻነን" አለ ፌሊም። "ጂፕሲ። ትልቁ ሃሪ።" ጣቱን እያጠፈ ነበር። "ከዚህ በፊት ወደ ማቅለጫው ስድስት ናቸው የላክሁት። ሻነን፣ ጂፕሲ፣ ትልቁ ሃሪ... ቀጥሎ ትንሿ ቡላ ነበረች። ስሟ... ስሟን ረሳሁት።"

"ስዋሎው" አለ ማላኪ። "ይዣት የሄድኩት እኔ ነበርኩ።"

"ስዋሎው። አዎ። አንተ ነበርክ የጋለብካት።" ፌሊም የታጠፈ ጣቱን ይዞ ማላኪን አየው፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አየው። "እሷስ? ከምር ወድቃ ነበር?"

"ወድቃ ነበር" አለ ማላኪ።

እውነቱን ነበር። ስዋሎው በጠራራ ፀሐይ፣ ግልጽ ሜዳ ላይ፣ እሱን ሥሯ አድርጋ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ፌሊም ግን መልሱን ከሰማ በኋላም ዓይኑን አላነሳለትም፤ ሊገዛው ያሰበውን ፈረስ ጥርስ እንደሚያይ ሰው ፊቱን ይመረምራል። ማላኪ ቀጥ ብሎ ሊያየው ሞከረ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።